የአንገት መብራት

ጥቅምት 9

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ድረስ ይድረስልኝ። ጤናዎን ያብዛልዎ፣ እጅዎ ልብስ ከሚተኩሱበት ካውያ እሳት ይጠበቅልኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ጉሮሮዬ ብቻ ነው።

ላያስታውሱኝ ይችላሉ። የአጎትዎ ልጅ፣ የባለ አኮርዲዮኑ፣ ልጅ ነኝ። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስናገር አፏጭ ስለነበር «ፉጨት» ያሉኝ እርስዎ ነዎት ይላሉ። ጥርሱ በቅሏል፣ ስሙ ግን አልለቀቀኝም።

አሁን በአባባ ባንድ ውስጥ ዘፋኝ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኪና መለዋወጫ ሱቁ በላይ ባለው አዳራሽ እንጫወታለን፤ እርስዎም የዘፈኑበት ነው። የጎማው ሽታ ዛሬም በደረጃው ይወጣል። ሰዉ የሚመጣው ለእርስዎ ዘፈን ነው። ሲያወራ፣ ሲጠጣ ያመሽና ያቺ የመጨረሻዋ ከፍተኛ ድምፅ ስትቃረብ ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ አባባ ወለሉ ላይ ያለችውን ማብሪያ በእግራቸው ይጫኗታል፤ የአንገት መብራቱ ቦግ ይላል። ያውቁታል መቼም። እርስዎ ሲዘፍኑ አንገትዎ ላይ የምትገተረዋ የደም ስር ለሰው እንድትታይ አባባ ከጎን የሰቀሉት መብራት ነው። እስካሁን አለ። ሰው እርስዎን «ደም ስሯ» ይል እንደነበር አባባ በየሳምንቱ ይነግሩኛል።

እኔ ግን እዚያ ድምፅ ላይ ስደርስ እታነቃለሁ። አገጬን አንስቼ፣ እንደ ምንም ገፍቼ አወጣዋለሁ። ደም ስሬ ይገተራል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እሑድ ድምፄ የለም። ሰኞ አፌን ስከፍት ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። ድሮ ማክሰኞ ይመለስ ነበር፤ አሁን አሁን እስከ ሐሙስ እያስጠበቀኝ ነው። አባባ «እሷም እንዲህ ነበረች፣ ይለመዳል» ይላሉ።

እዚያ ውጭ አገር ጉሮሮ የሚከፍት መድኃኒት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ካለ ይላኩልኝ። እርስዎስ ምን ይወስዱ ነበር?

አባባ ሰላም ብለውዎታል።

አክባሪዎ፣ ፉጨት

ታኅሣሥ 2

ለፉጨት፣

ሰላምሽ ይብዛ። እድሜም ድምፅም ይስጥሽ፣ ሁለቱንም ከማስተዋል ጋር። እኔ ደህና ነኝ። ከሸሚዝ ጋር ውዬ ከሸሚዝ ጋር አመሻለሁ፤ ሸሚዝ ደግሞ አይመልስም።

በመጀመሪያ አንቱ አትበይኝ። እድሜዬ ያለ አንቺ እርዳታም እየሄደ ነው።

መድኃኒት አልልክም። ጉሮሮ የሚያደነዝዝ ከረሜላ እዚህ በየሱቁ ሞልቷል። እሱን ወስደሽ ብትዘፍኚ የሚጠፋው ህመሙ ነው እንጂ ጉዳቱ አይደለም። ህመም ተው ሲልሽ አፉን የምታፍኚው ከሆነ ሌላ ማን ይነግርሻል?

ምን እወስድ እንደነበር ጠየቅሽኝ። ማር ብትይ፣ ዝንጅብል ብትይ፣ ጥሬ እንቁላል ብትይ፣ ያልወሰድኩት የለም። አንዱም አልጠቀመኝም።

አሁን የምልሽን አድርጊ። አባትሽ ዘፈኑን አንድ እርከን ዝቅ አድርጎ ይጀምርልሽ። ጠይቂውና ያለሽን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። እስከዚያው አትጩኺ። ድምፅሽ ሲዘጋም አታንሾካሹኪ፤ ማንሾካሾክ እረፍት ይመስላል እንጂ ከመናገር የባሰ ያደክማል። ዝም በይ። ለአንድ ዘፋኝ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 24

ለአክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ካለሽበት መልካሙን ሁሉ ያሰማኝ። «አንቺ» ማለት አፌ ላይ ከብዶኛል፣ ግን ትእዛዝ ነው ብዬ ተቀብያለሁ።

ጠየቅኋቸው። አኮርዲዮኑን እየወለወሉ ነበር። ቀና ብለው ሳያዩኝ «ይህ ዘፈን ከሬ ኖታ ነው የተወለደው፣ እዚያው ሬ ላይ ነው የሚሞተው» አሉ። ቀጥለውም «ደም ስሯ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ዝቅ አድርግልኝ ብላኝ አታውቅም» አሉ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ከዚያ «ስለ እኔ ምን ብላለች?» ብለው ጠየቁኝ። ደብዳቤሽን ሦስቴ አገላብጫለሁ፤ ለሳቸው ሰላምታ እንኳ የለውም። ሰላም ብላዎታለች አልኳቸው። ዋሽቼልሻለሁና አስቢበት።

ያለፈው ቅዳሜ ድምፄ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። ከሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች የሄደ መሰለኝ። ሰዉ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ቆሞ አጨበጨበ። የተሰነጠቀው ከልቤ ስለዘፈንኩ መስሏቸዋል። አባባም ደስ ብሏቸው አመሹ። ደረጃውን ስወርድ አለቀስኩ፣ የማለቅስበት ድምፅ እንኳ አልነበረኝም።

ከእንግዲህ መድኃኒት አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አንቺ እንዴት ነበር የምታደርጊው? ደግሞስ ለምን ተውሽው? እዚህ «ኮርታብን ነው፣ እዚያ ሄዳ መዝፈን ናቀች» ነው የሚባለው። እኔ አላምንም፣ ግን የምመልስላቸው አጣሁ።

አባባ አሁንም ሰላም ብለውሻል።

ፉጨት

የካቲት 18

ለፉጨት፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ያለሽበት ቤት ጣሪያው አያፍስስ፣ ደረትሽ አይጥበብ። ዘግይቻለሁ። ደብዳቤሽ ቶሎ ነው የደረሰኝ፤ የዘገየው መልሱ ነው። ስጽፍ ስቀድ፣ ስጽፍ ስቀድ ከረምኩ። የቀደድኩት ሁሉ ስድብ ነበር፣ ስድቡም ለአንቺ አልነበረም።

ዝቅ አድርግልኝ ብላኝ አታውቅም አለ አይደል? ብዬዋለሁ። የመጀመሪያው በልምምድ ላይ ነበር፤ ሳቀና ከዚያው ከሬ ጀመረው። ሁለተኛው ድምፄ ጠፍቶ ከርሞ የተመለሰ ሰሞን ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደረጃውን ወጥቼ ስገባ ያ መብራት ተሰቅሎ ጠበቀኝ። መልሱ መብራቱ ነበር። እንግዳ ዘፋኝ ሲመጣ «ከየት ላይ ልጀምርልሽ?» ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔን ግን ቤተሰብ ነኝና አይጠይቀኝም።

መዝፈን የናቅሁ አይደለሁም። እዚህ በመጣሁ በዓመቱ ድምፄ ጨርሶ ሄደ። ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ ጉሮሮዬን አየው። የድምፅ አውታሮቼ ላይ መጅ ወጥቶባቸዋል፤ አካፋ የሚጨብጥ ሰው መዳፍ ላይ እንደሚወጣው ያለ ነው። ሁለቱ አውታሮች ሲዘፍኑ ይጋጫሉ፣ በግድ ሲጋጩ ይቆስላሉ፣ የቆሰለው ይጠነክራል። በቀዶ ጥገና አነሱልኝ። መናገር ተመለሰ፣ ዝቅ ያለ ዘፈንም ተመለሰ። ያቺ ከፍተኛ ድምፅ ግን አልተመለሰችም። ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም። ኮርታለች መባሉ ከተሰበረች መባል ይሻላል ብዬ ነበር።

እንዴት ነበር የምታደርጊው ላልሽኝ፣ እኔ ያደረግሁትን እንዳታደርጊ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፅ የምታሠለጥን ሴት ሰጡኝ፤ ቀልድ የማታውቅ፣ ጆሮዋ የማይታለል። ያስተማረችኝን እነግርሻለሁ። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ አድርጊ፣ ስትሮ ክተቺበት፣ በስትሮው ውስጥ «ኡ» እያልሽ አረፋ አስነሺ። ከታች ጀምረሽ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ውጪ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ። አረፋው ከተቋረጠ አየሩ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ከተንቦጫረቀ እየገፋሽ ነው። ውሃው አይዋሽም፣ አባትሽን አይፈራም።

ከዚያ ስትሮውን አውጪና ከንፈርሽን እንደ ፈረስ እያርገፈገፍሽ እዚያው መንገድ ተመላለሺበት። ሰው አብዳለች ቢልሽ ይበል። አገጭሽን አታንሺ። ድምፁ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ይመስል ሁላችንም አንገታችንን እናንጠራራለን፤ እዚያ የለም። አገጭሽ ባለበት ይሁን፣ መንጋጋሽ ይውደቅ፣ አፍሽ ከውስጥ ማዛጋት እንደጀመረ ሰው ይከፈት። አየር በብዛት አትሳቢ። ጎድንሽ ወደ ጎን እስኪሰፋ ሳቢና ጎድኑን ቶሎ አትልቀቂው። ከፍ ላለ ድምፅ ብዙ አየር ያስፈልጋል ያለን ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ባገኘው የምለው ነበረኝ።

ሌላም አለ። የዘፈኑ የመጨረሻ ቃል «ኢ» ላይ ነው የሚያልቀው፤ ሁላችንም ጥርሳችንን ገጥመን እንጮኸዋለን። አንቺ በሐሳብሽ «ኢ» በይ፣ አፍሽን ግን ለ«ኧ» አዘጋጂው። የሚሰማው ሰው ልዩነቱን አያውቅም፣ ጉሮሮሽ ግን ያውቃል። መጀመሪያ በትንሽ ድምፅ ነው የምትለማመጂው። ካመመሽ አቁሚ። ህመም ትጋት አይደለም።

እኔ የምለማመደው ካውያው እንፋሎት ሲተፋ ነው፣ ጩኸቱ ይሸፍነኛል።

አክስትሽ

ሚያዝያ 6

ለአክስቴ፣

ሰላምታዬ በብዙው ይድረስሽ፤ እንፋሎቱም ሳቅሽን አይሸፍነው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮርታለች ለሚሉት የምመልሰው አገኘሁ፣ አንቺ ሳትፈቅጂ ግን አልተናገርኩም።

በአዳራሹ ዕቃ ክፍል ውስጥ ስለማመድ ከረምኩ። ከንፈሬን ሳርገፈግፍ የመለዋወጫ ሻጩ ደረጃውን ሮጦ ወጣና «የማን ሞተር ነው የሚንተከተከው?» አለኝ። ብርጭቆና ስትሮ ይዤ ሲያየኝ ተመልሶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር «ለሞተሩ ካንዴላ ተቀየረለት?» ይለኛል።

መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ተናድጄ ስትሮውን የረገጥኩበት ቀን አለ። አንድ ጠዋት ግን አረፋው ሳይቋረጥ ወደ ላይ ወጣሁ፤ ስትሮውን አውጥቼ በአፌ ሞከርኩት። ድምፁ እንዲሁ መጣ። በጣም ከመቅለሉ የተነሳ ተሳስቼ ዝቅ ያለውን የያዝኩ መስሎኝ ሄጄ በአኮርዲዮኑ አረጋገጥኩ። እሱ ነው፣ ራሱ ነው! እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አሁን የሆነውን ስሚ። ቅዳሜ ዘፈንኩት። ሰዉ ጸጥ አለ፣ መብራቱ ቦግ አለ፣ ድምፁን ያዝኩት፣ እስክጠግብ ይዤው ቆየሁ። አንገቴ ላይ ግን ምንም የለም። ማንም አላጨበጨበም። የፊት ወንበር ላይ የነበረ ሰውዬ ለጎረቤቱ «ዛሬ ሰንፋለች» ሲል ሰማሁት። ሌላው «ግማሽ ልቧን ነው የሰጠችን» አለ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሙሉ ሆኜ ዘፍኜ አላውቅም፤ እነሱ ግን ስላልተሠቃየሁ አልዘፈነችም አሉ።

አባባ ከሁሉ የባሱ ሆኑ። «ድምፅ ሬዲዮም ላይ አለ። ሰው እዚህ ድረስ ደረጃ የሚወጣው ድካምሽን ሊያይ ነው» አሉኝ። አዳራሹ ቀለም ሊቀባ ተዘግቷል። ሲከፈት ደም ስሬ ካልታየ ዘፈኑን ለሌላ ልጅ ይሰጣሉ። ልጅቷን አይቻታለሁ፣ እንደ ድሮዬ አገጯን ታነሳለች።

ትንፋሼን ቆልፌ አንገቴን ብገትር ደም ስሩ ይመጣል፣ በመስታወት ሞክሬዋለሁ። ልገትረው? ወይስ አንቺ ለአባባ ትጽፊላቸዋለሽ? ካንቺ ቢሰሙት ይሻላል።

ፉጨት

ሚያዝያ 29

ለፉጨት፣

ሰላም ይክበብሽ። አንቺን የሚያሳጥር ክፉ ሁሉ ይጠር።

እንዳትገትሪው።

ለሱ አልጽፍም። እጄ ገና እሺ አላለኝም። አንቺ ግን የኔን ደብዳቤ መጠበቅ የለብሽም፤ አፍ አለሽ፣ አሁን ደግሞ ጤነኛ ጉሮሮ አለሽ። ያልኩሽን ሁሉ ብትነግሪው ፈቅጃለሁ። ደብቄ የኖርኩት ነገር እኔን ካልጠበቀኝ አንቺን ይጠብቅ።

ሰዎቹ ድካም ማየት ካማራቸው ካውያ ክፍላችን ይምጡ። እዚህ በነጻ ነው፣ ወንበርም እንሰጣለን። ዘፋኝን ግን ሊሰሟት ይምጡ።

ባለፈው ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከጫፍሽ አንድ እርከን ሁልጊዜ አስቀሪ። የምትችዪው የመጨረሻው ድምፅ ለሕዝብ አይወጣም፤ እሱ የቤትሽ ነው። ሰው ጨምሪ ሲልሽ፣ ያ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ እምቢ በይ። አሠልጣኜ ካስተማረችኝ ሁሉ ለመማር ረጅም ጊዜ የፈጀብኝ እሱ ነው።

አክስትሽ

ግንቦት 30

ለአክስቴ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለካውያ ክፍልሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አዳራሹ ተከፈተ። ቀለሙ ገና ይሸታል። ሰዉ ከወትሮው በዝቶ መጣ፤ ወሬው ተሰምቶ ነበር መሰለኝ። አዲሷ ልጅ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አባባ ሳያዩኝ ከሬ ጀመሩ። ዘፈንኩ። መብራቱ ቦግ አለ፣ ድምፁ መጣ፣ አንገቴ ባለበት ቆሟል። አንዱ ከኋላ «ደም ስሩስ?» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ።

አባባ ዘፈኑን አልጨረሱትም። የመጨረሻውን ስንኝ ግማሽ እርከን ከፍ አድርገው እንደገና አስጀመሩት። ገባኝ። እስኪገተር ድረስ ሊያወጡኝ ነው። ተከተልኳቸው። እንደገና ግማሽ ጨመሩ፣ እንደገና ተከተልኩ። አገጬን አላነሳሁም፣ ጎድኔን አልለቀቅኩም። እንዳልሽኝ «ኢ»ውን በሐሳቤ ብቻ አልኩት። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሬ የተጫወቱትን ዘፈን ካልለመዱት ቦታ ሲጀምሩት ጣታቸው ጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ እየተደናቀፈ ነበር። ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። የድራም መቺው ሳቁን ለመደበቅ ዝቅ ብሎ ጫማውን አሰረ።

ለሦስተኛ ጊዜ ከፍ ሲያደርጉት አንድ እርከን ብቻ እንደቀረኝ አወቅኩ። ማይኩን ይዤ «አይ አባባ፣ እዚህ ላይ ይበቃኛል» አልኩ።

አኮርዲዮኑ ቆመ። እሳቸውም ሰው እየሰማ «ደም ስሯ እምቢ ብላኝ አታውቅም» አሉ።

«ብላዎታለች» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «ሁለት ጊዜ ዝቅ አድርግልኝ ብላዎታለች። በሁለተኛው ይህን መብራት ሰቀሉላት። ዛሬ ያ ከፍተኛ ድምፅ የላትም፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የቀራት ዝቅ ያለ ዘፈን ብቻ ነው። እኔ ድምፄን ይዤ ነው የማረጀው።»

እጄን በቀሚሴ ጠቅልዬ አምፖሉን ፈታሁት። ያቃጥል ነበር። ከዚያ ወደ ባስ ተጫዋቹ ዞሬ «ከሬ አንድ እርከን ወርደህ ከዶ ጀምርልኝ» አልኩት። ከሬም እችለው ነበር፤ አንድ ጊዜ እኔ መምረጥ ስለፈለግሁ ነው። አባባን አየ፣ እኔን አየ፣ ጀመረልኝ። ያለ አኮርዲዮን ዘፈንኩት። የሄዱ ሰዎች አሉ። «የድሮው ይሻላል» ያሉም አሉ። የቀሩት ግን የሚያዩት ሲያጡ መስማት ጀመሩ። ስጨርስ መጀመሪያ ያጨበጨበው የመለዋወጫ ሻጩ ነው። ከበሩ ላይ ሆኖ «ያ ሞተር ይሄ ነው እንዴ?» አለ። አዲሷ ልጅ ስወጣ ተከትላኝ ስለ ስትሮው ጠየቀችኝ።

አባባ ለብዙ ቀን አላናገሩኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ ያጠፋሁት የለም። አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። አኮርዲዮኑ ትከሻቸው ላይ ነው። «ለሷ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ወለሉን እያዩ «አሁን ዝቅ ያለ ዘፈን ትችላለች ነው ያልሽው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ጠይቂያት። ከየት ላይ ነው የሚመቻት? ከየት ላይ ልጀምርላት?» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

ዛሬ ካንቺ የምጠይቀው ምንም የለኝም። የጠየቁሽ እሳቸው ናቸው።

ፉጨት

ሐምሌ 21

ለፉጨት፣

ሰላምሽ አይጓደል፣ የያዝሽውን ድምፅ ማንም አያስለቅቅሽ።

ደብዳቤሽን ካውያ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አንድ ሸሚዝ አቃጥያለሁ። እንፋሎቱ ጸጥ እስኪል ጠብቄ ሰው ሁሉ እየሰማ ዘፈንኩ፤ ዝቅ አድርጌ፣ በኔ ልክ። ልብስ የሚያጥፉት ሴቶች እጃቸውን አቆሙ። ያቺን ከፍተኛ ድምፅ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልፈለግኋትም።

ለአባትሽ ሰላም በይው አልልሽም። ሰላሙን እፊቱ ቆሜ እሰጠዋለሁ ወይም አልሰጠውም፤ እሱን የምወስነው ሳየው ነው። ልመጣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። አምፖሉን አትጣይው፤ ደረጃው ላይ ስቀሉት፣ ያኔም ጨለማ ነበር።

ለጥያቄው መልሱ ይኸው። ከሶል ይጀምር። ከታችኛው ሶል። ስትነግሪው ታዲያ ከሶል ይጀምር ብላለች በይው እንጂ ትለምንዎታለች እንዳትይው።

አክስትሽ